ሁለት ካሜራ ይዘን ወደ ባሌ ተራሮች

ሐሙስ፦ ከአዲስ አበባ ዶዶላ

ታኅሣሥ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ የአስጎብኚነት ሥራ ጀምሯል። ካሜራ ሊገዛ ገንዘብ አጠራቅሟል፤ ልቡ ግን ለሁለት ተከፍሏል። አንድ ቀን ሌንሱ የሚቀያየረውን ሚረርለስ ይላል፣ በማግሥቱ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ያላትን፣ ሌንሷ የማይነቀለውን ትንሿን ኮምፓክት። የሰው ምክር ሲሰማ ከሚከርም ሁለቱንም መንገድ ላይ በእጁ ይፈትናቸው ብዬ፣ ባሌ ስሄድ አስከተልኩት።

ሚረርለሱ የእኔው ሶኒ አልፋ 6400 ነው፤ አብሮት ከሚሸጠው ከ16–50 ሚሊ ሜትር ትንሽ ዙም ሌንስና ለብቻው ከገዛሁት ከ70–350 ረጅም ሌንስ ጋር (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሩቁን ያቀርባል)። ኮምፓክቷ ከጓደኛዬ የተዋስናት ሪኮ ጂአር 3 ናት። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ገበያ ላይ የዋሉ፣ ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል የሆኑ፣ ሁለቱም ኤፒኤስሲ የሚባለውን 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ሴንሰር የያዙ ናቸው። ያኔ ሲወጡ ዋጋቸው እንኳ እኩል ነበር፤ 900 ዶላር ገደማ። ልዩነቱ የሶኒው 900 ዶላር ያለ ምንም ሌንስ መሆኑ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ያጣመርኩት ሴንሰራቸው እኩል ስለሆነ ነው። ወንድሜ “ትልቁ ካሜራ ትልቅ ፎቶ ያነሣል” የሚል ሐሳብ ስር ሰዶበታል፤ እሱን ሐሳብ ከመንገዳችን ላይ ማንሣት ፈለግሁ። ኮምፓክት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። “አንድ ኢንች” በሚባል ሴንሰር የሚሠሩት 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው የያዙት፤ ስፋቱ የእነዚህን ሲሶ እንኳ በወጉ አይሞላም። ሻጭ “ትልቅ ሴንሰር ነው” ሲል በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ክብደታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ሪኮዋ ከነባትሪዋና ከነካርዷ 257 ግራም ናት። ሶኒው ሌንስ ሳይኖረው 403 ግራም ነው፤ ሁለቱ ሌንሶች ሲጨመሩበት ከአንድ ኪሎ ያልፋል። አንዷ የጃኬት ኪስ ትገባለች፣ ሌላው የራሱ ቦርሳ ይፈልጋል።

ባቱ ላይ ቁርስ ለመብላት ቆምንና ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ቁጭ ብለው ዓሣ ያጸዳሉ፤ የሚጥሉትን አንጀት ለመቃም አባ ኮዳዎቹ እግራቸው ሥር ይርመሰመሳሉ። አንዱ አባ ኮዳ ወንድሜ ፊት መጥቶ ቆመ፤ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ሥር ቀላ ያለ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ከልጁ ደረት የሚደርስ። እኔ ረጅሙን ሌንስ ገጥሜ ነበርና ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመርኩ፤ 350 ላይ ሲሆን ከአንድ ሜትር ተኩል ወዲህ ያለውን አጥርቶ አያይም። ወንድሜ ሪኮዋን ከኪሱ አውጥቶ ወፉን፣ ቢላዋ የያዘውን አጥማጅ፣ ጀልባውንና ሐይቁን በአንድ ፎቶ አስገባቸው። ወፍ ለማንሣት የግድ ረጅም ሌንስ ይፈለጋል የሚለው ነገር ባቱ ላይ አይሠራም።

እዚያው አንድ ነገር አሳየሁት። ሪኮዋ ፎከስ እስክታደርግ ሳይጠበቅ፣ ርቀቱን አስቀድሞ 2.5 ሜትር ላይ ቆርጦ ማስቀመጥ ይቻላል። አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል)፣ ኤፍ 8 ከሆነ ከአንድ ሜትር ከምናምን ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቁልፉን እስከ መጨረሻው መጫን ብቻ ነው። ከሻሸመኔ እስከ ዶዶላ በቆምንበት ሁሉ እሷን ይዞ ሲሮጥ ዋለ።

ዓርብ፦ ዲንሾ

ከዶዶላ በአዳባ በኩል ዲንሾ ገባን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚህ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ በ2023 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ የኮሶና የጥድ ደን አለ፤ ደጋ አጋዘኖቹ እዚያ ሰው ለምደው ይግጣሉ። በአሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው እንስሳ ይኸው ነው። ሳይንስ መዝግቦ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም።

የፓርኩ አስጎብኚ በለሆሳስ እየመራን ሃያ ሜትር ያህል ቀረብን። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንዱን ከቅርንጫፍ ሥር አውጥቶ ቆመ። የእኔ ሌንስ ጥቁር ፊቱ ላይ ያለችውን ነጭ መስመርና ሽፋሽፍቱን ሳይቀር አወጣ። የወንድሜ ፎቶ ላይ አጋዘኑ ትንሽ ነው፤ የኮሶው ቀይ ልጣጭ፣ ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለው ሽበት የመሰለ ነገርና የጠዋቱ ጨረር ግን አሉ። የሚኖርበትን አገር ያሳያል። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሳያቸው የእሱን ወደድኩ፤ ነገርኩትም።

ቀጥሎ የመጡት ከርከሮዎችና አንድ የምኒልክ ድኩላ ግን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ነበሩ። እዚያ ላይ ኮምፓክቷ የያዘችው ቅጠል ብቻ ነው።

ቅዳሜ፦ ሳነቴ

ጎባ አድረን ሌሊት ወደ ሳነቴ ወጣን። አምባው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ይደርሳል። መኪናው መስኮት ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ጅብራዎቹ በየሜዳው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

ቀይ ቀበሮዋን ያየናት ፀሐይ ወጥታ ሣሩ ማላብ ሲጀምር ነው። ብቻዋን ነበረች፤ ቀይ ቀበሮ በመንጋ ቢኖርም የሚያድነው ለየብቻው ነው። ሆዷን መሬት አስነክታ እግሯን አንድ በአንድ እያነሣች ትሳባለች። ፊት ለፊቷ አንድ ትልቅ ፍልፈል ግማሽ አካሉን ከጉድጓዱ አውጥቶ ሣር ይጎትታል። ይህ ፍልፈል ከባሌ ውጭ የለም። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትዘላለች፤ ፍልፈሉ ከሚቆፍረው አፈር ትል ትለቅማለች አለን አስጎብኚያችን። ቀበሮዋ ቆመች፣ ጆሮዋን ወደ ፊት ጣለች፣ ዘለለች። ፍልፈሉ ቀድሟት ገባ። አፈር የተቀባ አፍንጫዋን እያራገፈች ወደ ሌላ ጉድጓድ አቀናች።

ይህን ሁሉ የያዘው ሶኒው ነው። በሴኮንድ እስከ 11 ፎቶ ያነሣል፤ ፎከሱም የእንስሳ ዓይን ፈልጎ ይይዛል። ወንድሜ በሪኮዋ ያነሣትን በስክሪኑ ላይ ሲያጎላ ቢያያት ቀይ ነጠብጣብ ናት። “እኔ እኮ ቅርብ ነበርኩ!” አለኝ። አብረን ሒሳቡን ሠራን። ቀበሮዋ ያለ ጭራዋ አንድ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ከእኛ 40 ሜትር ያህል ርቃለች። በሪኮዋ 18.3 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሴንሰሩ ላይ የምትይዘው ቦታ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ከ6000 ፒክስል ወርድ 120 ያህሉን ብቻ። በ350 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ነው፤ 2200 ፒክስል ያህል። ሴንሰሩ አንድ ሆኖ፣ ፒክስሉ አንድ ሆኖ፣ አንዱ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው ስልክ ላይ እንኳ አይታይም። ይህን ጉድለት የሚሞላ የሶፍትዌር ዘዴ የለም። በሪኮዋ ላይ ያለው የ50 ሚሊ ሜትር መቁረጫም ቢሆን ዳር ዳሩን ጥሎ 7 ሜጋፒክስል ማስቀረት ነው እንጂ እንስሳውን አያቀርብም።

መቅረብስ? አይገባም። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ነው። ለአንድ ፎቶ ብሎ የጠዋት አደኗን ማስጣል ነውር ነው። ረጅም ሌንስ የሚያስፈልገው ለፎቶው ጥራት ብቻ አይደለም፤ ከመኪናችን ሳንወርድ በሰላም እንድትበላም ነው። ሳነቴን ለሚወድ ሰው ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሚረርለስና ረጅም ሌንስ ይግዛ።

ሳነቴ ሌላም ነገር ትፈትናለች። ፀሐዩ ሲበረታ የሪኮዋ ስክሪን ጠቆረብን። ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት ቪውፋይንደር የላትም፤ እጅን ጥላ አድርጎ መገመት ነው። ሶኒው ላይ ዓይኔን ቪውፋይንደሩ ላይ ደግፌ እንደ ልቤ አያለሁ። ባትሪም አለ፤ የሪኮዋ በፋብሪካው ልክ 200 ፎቶ ያህል ነው የሚያነሣው፣ የሶኒው 400 ገደማ፤ ብርዱ ሁለቱንም ይቀንሳቸዋል። ትርፍ ባትሪ ከሹራብ ሥር፣ ሰውነት ጋር ተጣብቆ መያዝ አለበት። ሁለቱም በዩኤስቢ ከመኪናው ቻርጅ መደረጋቸው አሳረፈን።

አቧራው ላይ ሰው የሚያስበውና እውነቱ ይለያያል። “ሌንሱ የማይነቀል ካሜራ አቧራ አይገባውም” ይባላል። በእርግጥ ሌንስ ስቀይር መስኮት ዘግቼ፣ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ደፍቼ፣ ፈጥኜ ነው። ነገር ግን የሚረርለስ ሴንሰር ላይ አቧራ ቢያርፍ በእጅ በሚጨመቀው የጎማ መንፊያ እፍ ብዬ አስወግደዋለሁ። ኮምፓክት ሲከፈትና ሲዘጋ ሌንሱ እየወጣ እየገባ አየር ይስባል፤ ትንሽ አቧራ አብሮ ሾልኮ ከገባ የሚደርስበት እጅ የለም። ሪኮዋ ሴንሰሩን አንቀጥቅጣ የምታራግፍበት ዘዴ አላት፤ ያ ካልበቃ ግን ባለሙያ ፈቶ መክፈት አለበት። በአገራችን የጠጠር መንገድ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፓክት የያዘ ሰው መኪና ውስጥ ሳለ ካሜራዋን ዘግቶ ከረጢት ውስጥ ይክተታት።

እሑድ፦ ሐረና

ከሳነቴ ደቡብ ጫፍ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ይወረወራል። ብርዱ ቀርቶ ጭጋግ መጣ፤ አስታው፣ ቀጥሎ ጢም ያወጡ የሚመስሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ቀጥሎ ቀርከሃ። ሪራ መንደር ስንደርስ ጠዋት ያየነው አገርና ይኼ አንድ ፓርክ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች አሉ፤ ዝቅ ሲል የጫካ ቡና አለ።

አስጎብኚያችን አንዲት እናት ቤት ቡና አስፈቀደልን። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ፤ ጭሱ በጨረሩ ውስጥ ይሽከረከራል። ፎቶ ማንሣት እንደሚቻል በአስጎብኚው በኩል ጠየቅናቸው፣ ፈቀዱ። እኔ ሶኒውን ሳነሣ እናታችን መቁያውን አስቀምጠው ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ደስ የሚል የክብር ፎቶ ነው፤ እኔ የፈለግኩት ግን ቡናው ሲቆላ ነበር። ወንድሜ ሪኮዋን አውጥቶ አሳያቸው፣ የራሱን እጅ አንሥቶ ፎቶውን አሳያቸው፤ ሳቁና ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያነሣቸው ሁሉ ሕያው ናቸው፦ መቁያው ላይ የሚያገላብጠው እጅ፣ ያበጠው የቡና ፍሬ፣ በጭሱ መካከል የሚታይ ግማሽ ፊት።

በብርሃኑም በኩል ሪኮዋ ቀደመች። ሌንሷ እስከ ኤፍ 2.8 ይከፈታል። የሶኒው ትንሽ ዙም ሰፋ ሲል ኤፍ 3.5፣ ወደ 50 ሲጠጋ ኤፍ 5.6 ነው። 5.6 ማለት ከ2.8 ጋር ሲተያይ ሩብ ብርሃን ማለት ነው። ሪኮዋ አይኤስኦ (የካሜራው ብርሃን የማጉላት መጠን) 1600 ላይ በምትሠራበት ቦታ ዙሙ 50 ላይ ሲሆን 6400 ይጠይቃል፤ የጨለማው ክፍል በአሸዋ የተነፋ ይመስላል። ዳር ዳሩም ደብዘዝ ይላል። እዚህ ላይ “ሌንሱ ይቀየራላ!” የሚል ሰው እውነቱን ነው። ለሶኒው የሚሆነው የሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ ቢኖረኝ ከሪኮዋ አራት እጥፍ ብርሃን አስገባ ነበር። ግን እሱን ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል፤ ሲወጣ 340 ዶላር ገደማ ነበር።

ማታ ጎባ ተመልሰን ሽሮ እየበላን የተከራከርነው ይህንኑ ነው። ወንድሜ ያለው ገንዘብ ወይ ለኮምፓክቷ፣ ወይ ለሚረርለሱ ከትንሹ ዙም ጋር ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ቀበሮዋን ያነሣሁበት ረጅም ሌንስ ሲወጣ ለብቻው 1000 ዶላር ነበር፤ ከካሜራው ይበልጣል። ስለዚህ የእሱ ምርጫ ሶኒውን ከሪኮዋ ጋር ማነጻጸር አይደለም፤ ሶኒውን ከዚያ ትንሽ ዙም ጋር ብቻ አድርጎ ከሪኮዋ ጋር ማነጻጸር ነው። እንዲያ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ትንሽ ዙም ብቻ ያለው ሚረርለስ ቀበሮዋ ጋ አይደርስም፣ ሪራ ጨለማ ቤት ውስጥ አይመችም፣ ኪስ አይገባም። ሌንሱ መቀያየሩ ጥቅም የሚሆነው የሚቀየረው ሌንስ በእጅ ሲኖር ነው። ብዙ ወጣቶች “ኋላ ሌንስ እገዛበታለሁ” ብለው ይጀምሩና ዓመታት ከዚያው ዙም ጋር ያልፋሉ፤ ያሳዝነኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ወንድሜ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሰኞ፦ ሶፍ ዑመር

ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ቆላው ወረድን። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ ሰርጾ የሠራው ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስሙን ያገኘው በዚያ ተጠልለው ይጸልዩ ነበር ከሚባሉት ሼኽ ሶፍ ዑመር ነው፤ ዛሬም ምእመናን ይሳለሙታል። ውስጡ ያሉት ዓምዶች በሰው እጅ የተጠረቡ ይመስላሉ።

ትራይፖድ ተከልን። ሁለቱንም ካሜራ በየተራ አንድ ቦታ ላይ አስረን፣ ሁለቱንም 18 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 400፣ ሹተሩን ረዥም ሴኮንድ ከፍተን፣ አስጎብኚው በባትሪ መብራት ዓምዶቹን እየዳሰሰ አነሣን። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስንከፍታቸው መሃሉ ላይ ልዩነት ማግኘት አቃተን። ጠርዙ ላይ ሪኮዋ ትበልጣለች። ወንድሜ ስለ ትልቅ ካሜራ የነበረውን ሐሳብ ያን ማታ ጣለው።

ማክሰኞ፦ በአሰላ በኩል ወደ አዲስ አበባ

በመንገድ ላይ የቀረውን አንድ ጥያቄ አነሣሁበት፤ ቪዲዮ። ሶኒው 4ኬ የሚባለውን እጅግ ጥርት ያለ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ማይክሮፎን ይሰካበታል። ሪኮዋ ከዚያ ዝቅ ባለው በ1080 ብቻ ነው የምትቀርጸው፣ ማይክሮፎን መሰኪያም የላትም። ቪዲዮ ዋና ሥራው ከሆነ ኮምፓክቷን ይርሳት፤ በዚህ ማባበል አያስፈልግም። ወንድሜ ግን ቪዲዮ በስልኩ ይበቃኛል አለ።

ከዚያ ስለ ሥራው አወራን። እንግዶቹ ራሳቸው ረጃጅም ሌንስ ይዘው ይመጣሉ። እሱ እጁ ነጻ መሆን አለበት፤ የሰው ቦርሳ ይቀበላል፣ አዛውንት ደግፎ ያሻግራል፣ ያስተረጉማል። የሚያስፈልገው እንግዶቹን፣ መንገዱንና ቡና የሚያፈሉትን እናት ማንሣት ነው፤ ይህ ሁሉ በሁለትና ሦስት ሜትር ውስጥ ያለ ነገር ነው። አሰላ ሳንደርስ “ሪኮዋን ነው” አለ። ለእኔም ትክክል መሰለኝ፤ የእኔ ልብ ሳነቴ ላይ ነውና ሶኒዬን ከነረጅሙ ሌንሱ አልለቅም፤ እሱ ግን የሰው ልጅ ነው የሚወደው።

ካሜራውን ይዛ የምትመጣልን ዱባይ የምትኖረው እህታችን ናት። ያገለገለ ልታገኝ ትችላለችና የሚከተለውን በቴሌግራም ጻፍኩላት። ካሜራዋን ደጋግመሽ አብሪያት፣ አጥፊያት፤ ሌንሱ ሳይንገራገጭ ይውጣ ይግባ። አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርጊና ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሺ፤ ፎቶውን አጉልተሽ ከጥግ እስከ ጥግ እዪው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አቧራ ውስጥ ገብቷል ማለት ነውና ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዪው። ፍላሽ የላትም፣ አትፈልጊ። ሁለት ትርፍ ባትሪ ጨምሪበት።